አለማግኘትና አለመኖር
የቡድሃ ፍልስፍና ስለ ንቃተ ኅሊናና ስለ ግዙፉ ዓለም (በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ከሕክምና ወጣ ያለ፣ ነገር ግን ለሕክምና ባለሙያ የሚጠቅም ርእስ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁትን ብነግራቸው በትሕትና ፈገግ አሉ። የሕንድና የቲቤት መነኮሳት ስለ ኅሊናና ስለ ቁስ አካል ያካሄዱት ክርክር እዚህ ለተሰበሰቡ ሐኪሞችና ነርሶች ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ከፈገግታው በስተጀርባ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከአንድ የገዛ ራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። በማጅራት ገትር የተያዘ አንድ ወጣት ራሱን ስቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በስሙ ጠራሁት፤ አልመለሰም። ቆነጠጥሁት፤ የረባ ምላሽ አላገኘሁም። ከአልጋው አጠገብ እንደ ቆምሁ ለተረኛዋ ነርስ፣ «ይህ ልጅ የሚተርፍ አይመስለኝም፤ አልጋውን ለሌላ ሰው ብናስብበት ይሻላል» አልኋት። ደግነቱ መድኃኒቱ አልተቋረጠም ነበርና ወጣቱ ዳነ። ከሆስፒታሉ በሚወጣበት ዕለት እናቱ ስትመርቀኝ እርሱ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ዶክተር፣ አልጋው ለማን ታስቦ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ጠዋት የፈጸምሁት ስሕተት የዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የአስተሳሰብም ስሕተት ነበር። ንቃተ ኅሊናን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ስለዚህ የለም ብዬ ፈረድሁ። «አላገኘሁም» ከማለት «የለም» ወደ ማለት የተሻገርሁበት ድልድይ የጸና መሆኑን አልመረመርሁም። ይህንኑ ድልድይ እጅግ በጥንቃቄ ከመረመሩት መካከል የቡድሃ ፍልስፍና ሊቃውንት እንደሚገኙ የተረዳሁት ብዙ ዘግይቼ ነው።

የቡድሃ ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢመስልም፣ ታሪኩ ግን ሳናውቀው ወደ አገራችን መጻሕፍት ከገባ ቆይቷል። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ «በረላም ወየዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገው የንጉሥ ልጅ ታሪክ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። «የዋስፍ» የሚለው ስም ራሱ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የሳንስክሪት ቃል ከአገር አገር እየተለዋወጠ የመጣ ነው። እርግጥ ነው፣ የግዕዙ መጽሐፍ የሚያስተምረው ክርስትናን ነው፤ የቡድሃን ፍልስፍና በውስጡ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ልዑሉን ያስደነገጡት ሦስቱ ነገሮች ግን፣ ሕመም፣ እርጅናና ሞት፣ የእኛም የዕለት ተዕለት ሥራ ናቸው።

፩. እሳቱና ሰረገላው

ቡድሃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ በሰሜን ሕንድ አስተማረ። እርሱ ሰውን በአምስት ክፍሎች ከፍሎ ተመለከተው፤ እነርሱም ግዙፉ አካል፣ ስሜት፣ ለይቶ ማወቅ፣ የፈቃድና የልማድ ዝንባሌዎች፣ በመጨረሻም ንቃተ ኅሊና ናቸው። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነጥለን «እኔ የምባለው ይህ ነው» ማለት አንችልም፤ ከአምስቱ ውጭም ተደብቆ የሚኖር ሌላ «እኔ» የለም ይላል ትምህርቱ።

ሳቲ የተባለ አንድ መነኩሴ፣ ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ይኸው አንድና ያው ንቃተ ኅሊና ነው ብሎ በማስተማሩ ቡድሃ አጥብቆ እንደ ገሠጸው ጥንታውያን መጻሕፍት ይተርካሉ። የተግሣጹ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እሳት በሚነድበት ነገር እንደሚጠራ፣ ይኸውም የእንጨት እሳት፣ የሣር እሳት፣ የኩበት እሳት እንደሚባል፣ ንቃተ ኅሊናም በተነሣበት ምክንያት ይጠራል። በዓይንና በመልክ መገናኘት የሚነሣው የማየት ንቃት ነው፤ በጆሮና በድምፅ መገናኘት የሚነሣው የመስማት ንቃት ነው። ምክንያቱ ሳይኖር ንቃቱ የለም።

ከዚህ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት፣ በዛሬዪቱ ፓኪስታንና በአካባቢዋ ይገዛ የነበረው ግሪካዊው ንጉሥ ሜናንደር፣ በሕንዶች አጠራር ሚሊንዳ፣ ናጋሴና ከተባለ መነኩሴ ጋር ተከራከረ የሚል መጽሐፍ ተጽፏል። ንጉሡ የመጣው በሰረገላ ነበርና መነኩሴው ስለ ሰረገላው ጠየቀው። ሰረገላ የሚባለው መንኰራኵሩ ነውን? ዘንጉ ነውን? ቀንበሩ ነውን? ንጉሡ ለሁሉም አይደለም አለ። «ሰረገላ» ክፍሎቹ በአንድ ሥርዓት ሲገጣጠሙ የሚሰጥ ስም መሆኑን ንጉሡ ራሱ ተናገረ፤ መነኩሴውም «ናጋሴና» የሚለው ስም እንዲሁ ነው አለው።

ይህ ለሐኪም ጆሮ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1974 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ከተማ ቲስዴልና ጄኔት ያዘጋጁት፣ ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበት የንቃት መለኪያ፣ ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ለየብቻ አይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። ንቃተ ኅሊና እንደ ኤሌክትሪክ አምፑል ወይ የበራ ወይ የጠፋ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ ሦስት መስመር ባላስፈለገ ነበር። መለኪያው የሚያየውም ነዶውን ሳይሆን ጢሱን፣ ማለት ምልክቱን ነው። በዚያ ወጣት ዘንድ የእንቅስቃሴው እሳት ከስሞ የመስማቱ እሳት ይነድ ነበር።

፪. ስለ ግዙፉ ዓለም

አሁን ከኅሊና ወደ ቁስ አካል እንለፍ። የቡድሃ ትምህርት ስለ ግዙፉ ዓለም አንድ ወጥ አቋም ብቻ አለው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ውስጣዊ ክርክሩ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቈየ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ግዙፉ ዓለም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳትና ከነፋስ የተሠራ ነው ሲሉ፣ የፈለጉት ጥንካሬን፣ መያያዝን፣ ሙቀትንና እንቅስቃሴን ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቁስ አካል ወደማይከፈሉ ደቂቃን፣ ኅሊናም ወደ አጫጭር ቅጽበቶች እንደሚተነተን አመኑ። በ4ኛው ወይም በ5ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የጋንዳራው ሊቅ ቫሱባንዱ ግን የማይከፈል ደቂቅ የሚለውን ሐሳብ በአንድ ቀላል ጥያቄ ተፈታተነው። አንድ ደቂቅ ከላይ፣ ከታችና ከአራቱ አቅጣጫ በስድስት ሌሎች ደቂቃን ቢከበብ፣ ስድስቱን የሚነካበት ስድስት ጎን ሊኖረው ግድ ነው፤ ጎን ካለው ደግሞ ተከፋፋይ ነው። ጎን የለውም ከተባለ ሁሉም በአንድ ሥፍራ ይደራረቡና ተራራው ከአንድ ደቂቅ አይበልጥም። ቫሱባንዱ ከዚህ ተነሥቶ፣ ከኅሊና ውጭ በራሱ የቆመ ቁስ አካል አለ ማለት አያስኬድም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ።

ከእርሱ በፊት፣ በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ኖረ የሚገመተው ናጋርጁና ግን ለኅሊናም የተለየ ዙፋን አልሰጠም። በእርሱ አስተያየት ማናቸውም ነገር፣ ቁስ አካልም ሆነ ኅሊና፣ በምክንያቶቹ፣ በክፍሎቹና በሚሰጠው ስም ተደግፎ ይገኛል እንጂ በራሱ ብቻውን የቆመ ባሕርይ የለውም። ይህን «ባዶነት» ብሎ ሰየመው። ባዶነት ማለት «ምንም የለም» ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ናጋርጁናን ፈጽሞ አልተረዳውም።

ከሙያችን አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ሞለኪውል ትኩሳት የሚባል ነገር የለም፤ ትኩሳት የሚገኘው እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች በአንድነት ሲንቀሳቀሱ ነው። ትኩሳትን በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ይሁን እንጂ 40 ዲግሪ የሚያተኵሰውን ሕፃን «ትኩሳት በራሱ የቆመ ነገር አይደለም» ብለን ወደ ቤቱ አንሰደውም። ናጋርጁና ሁለት እውነት አለ ያለው ይህን የመሰለውን ነው፤ የዕለት ተዕለቱ እውነትና ነገሩ ሲተነተን የሚታየው እውነት። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የጥንቱ ቡድሂዝም የዘመኑን የኳንተም ፊዚክስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርሎ ሮቬሊ «ሄልጎላንድ» በተባለው የ2020 መጽሐፉ ስለ ናጋርጁና በአክብሮት ጽፏል፤ ነገሮች ከሌሎች ጋር ባላቸው ግንኙነት እንጂ ብቻቸውን አይገለጹም የሚለው ሐሳብ ለሥራው ስለ ተስማማው ነው። ይሁንና ናጋርጁና ኤሌክትሮንን አላወቀም፤ ያወቀም አልመሰለውም። ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ተጉዘው ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ መድረሳቸው አንዱ ለሌላው ምስክር መሆኑን አያሳይም።

፫. ገንቦውና ጋኔኑ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ዳርማኪርቲ የተባለ የሕንድ ቡድሂስት ሊቅ «የለም» ማለት የሚቻለው መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ አነሣ። መልሱን በሁለት ምሳሌዎች ልናየው እንችላለን።

በፊቴ ባለው ባዶ ወለል ላይ ገንቦ አላይም። ብርሃን አለ፤ ዓይኔም ደኅና ነው፤ ገንቦም በባሕርዩ የሚታይ ነገር ነው። ቢኖር ኖሮ ማየቴ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ ገንቦ የለም ብዬ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። በዚሁ ወለል ላይ በባሕርዩ የማይታይ ጋኔን አለን ቢባል ግን አላየሁትም ማለቴ የለም ለማለት አይበቃኝም፤ በጥርጣሬ መቆየት ይገባኛል። የፍርዱ ሚዛን እንግዲህ «አየሁን?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ቢኖር ኖሮ በዚህ መንገድ አገኘው ነበርን?» የሚለው ነው። የቲቤቱ ሊቅ ጾንግካፓም (1357–1419) በበኩሉ፣ በአንድ ምርመራ አለመገኘትና በዚያ ምርመራ አለመኖሩ መረጋገጥ የተለያዩ መሆናቸውን አስተምሯል።

ይህ ሚዛን ባለቤቱን ዳርማኪርቲንም ይመዝነዋል። በዘመኑ ኅሊና ከአካል የሚመነጭ ነው ይሉ የነበሩትን ቁሳውያን ሲቃወም፣ ገንቦ ከጭቃ እንደሚሠራ የኅሊና ዋና ምንጭ ከቀደመው የኅሊና ቅጽበት በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም፤ አካል ረዳት ምክንያት ብቻ ነው ብሏል። እኔ በዚህ መደምደሚያ አልረካም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846 በቦስተን የኤተር ሰመመን በይፋ ከታየ ወዲህ፣ ጥቂት መድኃኒት የሰውን ንቃት ሲወስድና ሲመልስ በየቀኑ እናያለን። የኅሊና በአካል ላይ መደገፍ ከረዳትነት በላይ ጥልቅ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የቡድሂስቱ መልስም ተራ አይደለም፤ መደገፍ አንድ መሆን አይደለም ይለናል። የነርቭ ሳይንስ የንቃት ምልክቶች በአንጎል ውስጥ የት እንደሚታዩ ብዙ ነግሮናል፤ አንድ ግዙፍ አካል ስለ ምን ሕመም «ይሰማዋል» የሚለው ጥያቄ ግን ገና ክፍት ነው።

፬. ከዳራምሳላ እስከ ቤተ ሙከራ

በ1987 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በዳራምሳላ ከተማ፣ 14ኛው ዳላይ ላማ፣ ቺሊያዊው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ፍራንሲስኮ ቫሬላና አሜሪካዊው አዳም ኢንግል የሳይንስ ሊቃውንትና የቡድሂስት መነኮሳት የሚወያዩበትን የመጀመሪያውን ጉባኤ አካሄዱ። ዳላይ ላማ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሳይንስ አንድን የቡድሂዝም ትምህርት ስሕተት መሆኑን ቢያረጋግጥ ትምህርቱ መለወጥ አለበት የሚል አቋም ወስደዋል፤ ከዚያም ጋር አለማግኘትን ከአለመኖር እንለይ የሚለውን የጾንግካፓን ምክር ለሳይንስ ሊቃውንት አቅርበዋል።

ከውይይቱ የተገኘውን ውጤት በሁለት ምሳሌ ብቻ ላሳይ። በ2004 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አንትዋን ሉትዝ፣ ሪቻርድ ዴቪድሰንና ባልደረቦቻቸው ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት በተመስጦ የቈዩ 8 ሰዎችን መርምረው፣ በተመስጦ ጊዜ ጋማ የሚባለው የአንጎል ሞገድ ከ10 ጀማሪዎች እጅግ በርትቶ እንደሚታይ ዘገቡ። ልምምድ አንጎልን ሳይለውጥ እንደማይቀር ብዙዎች ከዚህ ተረዱ፤ የተመራማጆቹ ቍጥር አነስተኛ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቲቤታውያን አንዳንድ ታላላቅ መነኮሳት ከሞቱ በኋላ ለቀናት በረቂቅ ተመስጦ ይቈያሉ፤ ሰውነታቸውም ቶሎ አይፈርስም ብለው ያምናሉ። ይህንም «ቱክዳም» ይሉታል። በ2021 የታተመ ጥናት በዚህ ሁኔታ ላይ ናቸው የተባሉ 13 ሰዎችን፣ ከሞቱ ከአንድ ቀን በላይ ካለፈ በኋላ፣ በአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ መርምሮ ምንም ምልክት አላገኘም፤ ይህንኑም ሳይሸፍን አሳተመ። በዳርማኪርቲ ሚዛን ብንመዝነው፣ ጥናቱ መሣሪያው ሊያገኘው የሚችለው የአንጎል ሞገድ እንደሌለ አሳይቷል፤ ይህ ገንቦው ነው። ያለ አንጎል የሚቈይ ረቂቅ ንቃት አለ የሚለው እምነት ግን ለመሣሪያው ጋኔኑ ነው። መሣሪያው አልሻረውም፤ አላጸናውምም። አማኙ «ሳይንስ አረጋገጠልኝ» ለማለት አይችልም። «አልተሻረም» ማለት «ተረጋገጠ» ማለት አይደለምና ሚዛኑ በሁለት በኩል ይቈርጣል።

፭. ወደ በሽተኛው አልጋ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ይህ ሁሉ የመነኮሳት ክርክር ወደ ክፍላችን ሲገባ ምን ይሆናል?

በ2006 ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በመኪና አደጋ አንጎሏ የተጎዳን አንዲት የ23 ዓመት ሴት መረመሩ። በአልጋዋ አጠገብ ለሚቆም ሐኪም ምንም የንቃት ምልክት አታሳይም ነበር። በኤም.አር.አይ. ውስጥ ሳለች ግን ቴኒስ ስትጫወት እንድታስብ፣ ቀጥሎም በቤቷ ክፍሎች ስትዘዋወር እንድታስብ በታዘዘች ጊዜ የአንጎሏ ተገቢ ክፍሎች እንደ ጤነኛ ሰው ሠሩ። ከዚያም በ2024 በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ 6 ማዕከሎች የተደረገ ጥናት፣ ለትእዛዝ የሚታይ ምላሽ ከማይሰጡ 241 በሽተኞች 60ዎቹ፣ ማለት ከአራቱ አንዱ፣ ትእዛዙን በአንጎላቸው እንደሚፈጽሙ አሳየ። ከአልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም ገንቦውን የፈለገው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ይህን የመሰለ መሣሪያ በየሆስፒታላችን አይገኝም፤ ስለዚህ ምን እናድርግ የሚል ይኖራል። መልሱ ያለው በ2009 በታተመ የቤልጅግ ጥናት ውስጥ ነው። በሕክምና ቡድኑ የጋራ አስተያየት ምንም ንቃት የላቸውም ከተባሉ 44 በሽተኞች መካከል 18ቱ፣ ማለት 41 በመቶ፣ ሥርዓት ባለው የአልጋ አጠገብ ምርመራ ሲታዩ ጥቂት ንቃት ተገኘባቸው። ምርመራው የተደረገው በታላቅ መሣሪያ አይደለም። በሥርዓት ከተደረደሩ ቀላል ትእዛዞች፣ ከድምፅና ከንክኪ በተጨማሪ አንዱ ዕቃ ተራ የእጅ መስተዋት ነው። ሌላ ነገር በዓይኑ የማይከተል በሽተኛ የገዛ ፊቱን በመስተዋት ሲያይ የሚከተልበት ጊዜ አለና። ንቃት በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ምርመራ አይበቃም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አምስት ጊዜ መመርመር እንደሚያስፈልግ ኋላ የተደረገ ጥናት አመልክቷል።

ለእኛ አገር አንድ ነገር ልጨምር። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ የሚያውቅን በሽተኛ በአማርኛ «እጅህን አንሣ» ብለን አዝዘን፣ ባያነሣ «ትእዛዝ አይፈጽምም» ብለን ብንጽፍ፣ ጉድለቱ የበሽተኛው ነው ወይስ የመመርመሪያችን? ማስታመሚያ የተቀመጠችው እናት በራሷ ቋንቋ፣ በቤት ስሙ ብትጠራው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? «ቢኖር ኖሮ በዚህ መንገድ አገኘው ነበርን?» የሚለው የዳርማኪርቲ ጥያቄ የሚያስፈልገን በዚህ ቦታ ነው።

ይህን ስል ተስፋ በሌለበት ተስፋ እንስጥ ማለቴ አይደለም። የአንጎል ሞት በተሟላ ሥርዓት፣ በብርሃን፣ የሚፈለገው ነገር ቢኖር ሊያገኝ በሚችል ምርመራ ሲረጋገጥ «የለም» ማለት ግዴታችን ነው፤ ቤተ ሰቡን በከንቱ ማቈየትም በደል ነው። የምለው፣ «የለም» የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት የያዝነውን መብራት እንመልከት ነው።

የቡድሃ ሊቃውንት ስለ ኅሊና ምንጭ የደረሱበትን መደምደሚያ መቀበል ወይም አለመቀበል የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው፤ እኔም ብዙውን አልተቀበልሁም። ጥያቄያቸውን ግን ከነጭ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ መስተዋት ጋር፣ ይዤ እዞራለሁ። ራሱን በሳተ በሽተኛ ፊት ስቆምም፣ ሊሰማኝ እንደሚችል ሰው አድርጌ በስሙ እጠራዋለሁ፤ ማን እንደ ሆንሁ፣ ምን ላደርግ እንደ መጣሁ እነግረዋለሁ። ስለ አልጋው የማወራው ከክፍሉ ወጥቼ ነው።